ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ባልደረቦቻቸውን በሥራቸው ያስተማሩ ሰው

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የአንድ ስመ ጥር ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በመምህሮቻችን ታዘን ነበር። ትእዛዙ በደረሰን ጊዜ በክፍላችን ውስጥ ብዙ ክርክር ሆነ። ከፊሎቻችን የጦር ጀግና ይመረጥ አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ ንጉሥ ወይም ደራሲ ይሻላል አልን። በመጨረሻ ግን አንድ ሐሳብ ሁላችንንም አስማማን። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ግቢ የምንወጣ ነን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳችን በመሥሪያ ቤት፣ አንዳችን በፋብሪካ፣ አንዳችን በሐኪም ቤት፣ አንዳችን በንግድ ቤት ከማናውቃቸው ሰዎች ጋራ ባልደረባ ሆነን እንሠራለን። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ያስተማሩንን መልካም ነገር ይዘን ስንገባ፣ በዚያ የምናገኛቸው ሰዎች ሌላ ልማድ ያላቸው ቢሆኑስ ምን እናደርጋለን? ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰ ሰው ፈልገን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አገኘን። ሌሎች ዶክተር ማርቲን ብለው የሚጠሯቸውም እኒሁ ሰው ናቸው።

ታሪካቸውን ከመጀመራችን በፊት ስለ ሰፈራችን ስም ጥቂት እንበል። ትምህርት ቤታችን የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ሕዝቡ በእንጨት ላይ የተዘረጋውን የስልክ ሽቦ ያውቅ ስለ ነበር፣ ያለ ሽቦ በሩቅ የሚሰማውን ነገር ነፋስ የሚያመላልሰው ስልክ ነው ብሎ ስም አወጣለት። የሰውም ጠባይ እንዲሁ ይመስለናል። ማንም ሳይሰብከው፣ ማንም ሳያዘው፣ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሠራተኛ ይተላለፋል። ክፉውም ደጉም በዚህ መንገድ ይሄዳል።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ግድም በጎንደር ተወለዱ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነበር። ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ሰዎች በማሰራቸው ምክንያት የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ መጥቶ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን ያዘ፤ ንጉሡም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ እጃቸው ሞቱ። በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል አንድ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ያ ሕፃን ወርቅነህ ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን አዘነለትና ይዞት ወደ ህንድ አገር ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሎኔሉ ሲሞት ሌላ መኰንን፣ ኮሎኔል ማርቲን፣ የሕፃኑን የትምህርት ወጪ ቻለ። ስለዚህ ልጁ የሁለቱን ውለታ ሲያስብ እንዲኖር ከአንዱ ቻርልስ፣ ከሌላው ማርቲን የሚለውን ስም ወሰደ። ወርቅነህ የሚለውን ስሙን ግን አያውቀውም ነበር።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። አገሩን የማያውቅ፣ ቋንቋውን የረሳ፣ እናትና አባቱን በመልክ እንኳ የማያስታውስ ልጅ፣ በባዕድ አገር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ነገር ግን ሐበሻ መሆኑን ነግረውት ስለ ነበር ይህን አልረሳም። በላሆር ከተማ በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ግድም ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ካሻሻለ በኋላ፣ ያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ወደ ነበረው ወደ በርማ አገር ተሹሞ በሐኪምነት ያገለግል ጀመር። እነሆ፣ ከመቅደላ አምባ የተነሣው ወላጅ አልባ ሕፃን በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን በቃ።

በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ የበርማው ሐኪም ልቡ ወደ አገሩ አዘነበለ። ፈቃድ ጠይቆ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሐረር በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ አልፎት ነበር። አማርኛ አያውቅም፤ ልብሱም አነጋገሩም የእንግሊዝ ነው። በድንኳን ውስጥ ሆኖ የመጣውን ሁሉ ሕመምተኛ ያክም ጀመር። የወሬው መሰማት ግን ሌላ ነገር አመጣ። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ የልጅ ልጃቸው የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ይህን ሰምተው መጡ፤ ሰውነቱ ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው ልጃቸው መሆኑን ዐወቁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሴት አያት የልጅ ልጃቸውን አገኙ፤ እርሱም ወርቅነህ የሚለውን ስሙን አገኘ። ከዚህ ጀምሮ እኛም እንደ ሽማግሌነታቸው አንቱ እያልን እንጽፋለን።

ሐኪም ወርቅነህ በዚያ ድንኳን ውስጥ ሳሉ ያደረጉት ነገር ለጥያቄአችን የመጀመሪያው መልስ ይመስለናል። በዙሪያቸው የነበሩት ረዳቶችና አስተርጓሚዎች ዘመናዊ ሕክምናን አያውቁም ነበር። እርሳቸውም የእነርሱን ቋንቋ አያውቁም። ስለ ንጽሕና ወይም ሀብታምና ድኻን እኩል ስለ ማየት ንግግር ሊያደርጉ ቢወዱ እንኳ ምላሳቸው አይችልም። የቀራቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሠርቶ ማሳየት። ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ሲሄዱ እጃቸውን የሚታጠብ ሐኪም፣ ረዳቱንም እጅህን ታጠብ ብሎ ሳይናገር ያስተምረዋል። ቋንቋ ማጣት ለሐኪም ወርቅነህ ችግር ነበር፤ ነገር ግን የሚያምኑበትን ነገር በእጃቸው ሥራ እንዲገልጹ አስገደዳቸው። አማርኛውንም ቢሆን በጐልማሳነታቸው ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን ተማሩት። የተማረ ሰው ሁሉን ዐውቃለሁ ብሎ በሚኰራበት ዓለም፣ አንድ ሐኪም ከበታቾቹ ዘንድ ቋንቋ ሲማር ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

የፈቃዳቸው ጊዜ ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ግድም እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሐኪምነት ሲሠሩ ዐፄ ምኒልክን በታመሙ ጊዜ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በዚሁ ጊዜ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። እንደ ገና ለጥቂት ዓመታት በርማ ከቆዩ በኋላ፣ ጡረታቸውን ተቀብለው በ1911 ዓ.ም. ግድም ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገራቸው ገቡ። ዕድሜአቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበር። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ዕረፍትን ይመኛል። እርሳቸው ግን ዋናውን ሥራቸውን የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ከውጭ አገር ትምህርት ያላቸውን ጥቂት ኢትዮጵያውያን እየፈለጉ በሥራ ያሰማሩ ነበር። ሐኪም ወርቅነህም በውጭ አገር ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተሾሙ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት ደግሞ የትምህርት ቤቱ የበላይ ተቈጣጣሪ ሆኑ። በዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። መምህራኑ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ነበሩና እያንዳንዱ የራሱን ቋንቋና የራሱን ልማድ ያስበልጥ ነበር። በፈረንሳይኛ ወገንና በእንግሊዝኛ ወገን መካከል የነበረው ፉክክር ሐኪም ወርቅነህን ብዙ አድክሟቸዋል።

የሐኪም ወርቅነህ አቋም ከሁለቱም ወገን ለየት ይል ነበር። የእንግሊዝ ትምህርት ያሳደጋቸው ቢሆኑም፣ የኢትዮጵያ ልጅ ዓለምን በገዛ ቋንቋው ሊያውቅ ይገባዋል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነታቸውን በስብሰባ ላይ ተናግረው ብቻ አልተዉትም። በዘመኑ በአማርኛ የተጻፈ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ራሳቸው ቁጭ ብለው በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። አማርኛን በጐልማሳነቱ የተማረ ሰው በአማርኛ የትምህርት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ያየ ባልደረባ፣ እኔስ ምን አደረግሁ ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ የሚቀር አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ወደ ነካው ሥራ እንለፍ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ባሮች ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ታወጀ። ዐዋጅ ማወጅ አንድ ነገር ነው፤ ነጻ የወጣው ሰው እንዴት እንደሚኖር ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። መሬት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ የእጅ ሥራ ያልተማረ ሰው ነጻ ነህ ቢባል ወዴት ይሄዳል? ሐኪም ወርቅነህ ይህን አስበው፣ ሐሳባቸውን ከሚጋሩ ወዳጆቻቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው ጋራ ፍቅርና አገልግሎት የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከመ።

የማኅበሩን ስም ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ፍቅር በልብ ያለ ነገር ነው፤ አገልግሎት ግን በእጅ የሚሠራ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ማያያዛቸው፣ በልብ ብቻ ያለ ደግነት በቂ እንዳልሆነ ያመኑ መሆናቸውን ያሳያል። ደግሞም ብቻቸውን አልሠሩም። ባለ ሥልጣን ነበሩና ሥራውን በትእዛዝ ሊያሠሩት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ሰዎች ወደው በሚገቡበት ማኅበር አድርገው አቋቋሙት። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ለጥያቄአችን ሁለተኛውን መልስ እዚህ ላይ አገኘን። የሚያምንበትን ነገር ባልደረቦቹ እንዲጋሩት የሚወድ ሰው፣ ከሸክሙ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ ያካፍላል።

በዚያን ዘመን የነበረውን አስተሳሰብ ካላስታወስን የዚህ ሥራ ክብደት አይታየንም። ባሪያ ማሳደር በብዙ ትልልቅ ቤቶች የተለመደ ነበር። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ይናቅ ነበር፤ እንዲያውም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። እንግዲህ ሐኪም ወርቅነህ የባሪያን ልጅ አስተምሬ ባለ ሙያ አደርጋለሁ ብለው ሲነሡ፣ የሚነኩት በሩቅ ያለ ሰውን ልማድ አይደለም። አብረዋቸው በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡትን፣ ምሳ የሚጋብዟቸውን፣ በየቀኑ ሰላም የሚሏቸውን ሰዎች ልማድ ነው። ይህን ማድረግ በጦር ሜዳ ከመሰለፍ የማያንስ ድፍረት ይፈልጋል።

በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ላኳቸው። የተላኩበት ጉዳይ በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ እንዲሠራ በኒውዮርክ ከሚገኝ አንድ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋራ ለመነጋገር ነበር። ግድቡ በዚያ ዘመን ሳይሠራ ቀረ። ነገር ግን ሐኪም ወርቅነህ ኒውዮርክ ሳሉ ጥቁር አሜሪካውያን ወደሚኖሩበት ወደ ሃርለም ሄደው፣ ሙያ ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዩ ልዩ ሙያ አገልግለዋል። ሐኪሙ ራሳቸው በባዕዳን እጅ ያደጉ ስለ ነበሩ፣ ከአገሩ የራቀ ሰው ሲጠሩት ልቡ እንዴት እንደሚነቃ ከማንም ይልቅ ሳያውቁ አልቀሩም።

ከ1923 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ መቀመጫቸውም አሰበ ተፈሪ ነበር። ይህች ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ጨርጨር ቀደም ብሎ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ሳለ የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ ሆኖ ነበር። በዘመኑ በብዙ አገር ገዥውና የበታቾቹ ሹማምንት የሚኖሩት ከገበሬው በሚያገኙት ግብርና አገልግሎት ነበር። ሹሙ ብዙ ከሆነ ገበሬው የሚሸከመው ብዙ ነው። በጨርጨር ግን ሹማምንቱ በቍጥር እንዲያንሱና በወር ደመወዝ እንዲያድሩ፣ ግብሩም የተወሰነ እንዲሆን ተሞከረ። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ሥራ ተረክበው ገፉበት።

የደመወዝ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሥራ ቦታ ላይ ያለ እምነት ሁሉ የሚፈተንበት ይህ ነው። ለአንድ ሹም ከገበሬው እንዳትወስድ ብሎ መምከር ይቻላል። ሹሙ ግን ሌላ መተዳደሪያ ከሌለው ምክሩ ከንቱ ነው። ደመወዝ ተሰጥቶትም አለቃው ራሱ ከገበሬው የሚወስድ ከሆነ፣ ደመወዙም ከንቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሰው በቅንነት ሊኖርበት የሚችል ሥርዓት፣ በዚያም ሥርዓት ፊተኛ ሆኖ የሚገዛ አለቃ። ይህ ለጥያቄአችን ሦስተኛው መልስ ነው። ባልደረባህ ቅን እንዲሆን ከፈለግህ፣ ቅን መሆን የሚችልበትን መንገድ አብረህ አብጅለት።

በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሄዱ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ የነበሩት እኒህ ሰው ሌሊትና ቀን ለአገራቸው ይሟገቱ ጀመር። በየስብሰባው እየተናገሩ፣ ለቁስለኞች ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ይለምኑ ነበር። በዚያ አገር ብዙ ወዳጆች አፈሩ፤ ከእነርሱም አንዷ በጋዜጣዋ ለኢትዮጵያ ነጻነት የታገለችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበረች። እርሷም ከድል በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ኖራ፣ በ1953 ዓ.ም. ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።

አባት በሎንዶን ሲደክሙ፣ በእንግሊዝ አገር የምህንድስና ትምህርት የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በኢትዮጵያ ምድር ነበሩ። ከተማሩት ወጣቶችና ከጦር ትምህርት ቤት መኰንኖች ጋራ ሆነው ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር ገቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ሲፈጁ፣ ዮሴፍና ቢንያምም ተገደሉ።

ይህን ስንጽፍ እጃችን ከበደ። ሐኪም ወርቅነህ ልጆቻቸውን በሎንዶን ወይም በህንድ ሊያስቀሯቸው ይችሉ ነበር። ነገር ግን አገርን ማገልገል በቤታቸው ውስጥ በየቀኑ የሚታይ ሥራ ነበር። ልጆቹ ያዩትን አደረጉ። የአባታቸው እምነት ያለ ሽቦ ወደ እነርሱ አለፈ። ለልጆቻችን የምናሳያቸው ነገር ዋጋ ሊያስከፍላቸው እንደሚችል ዐውቆ ያንኑ ማሳየት፣ ከሁሉ የሚከብድ ፈተና ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የስደቱን ዘመን በኋላ በህንድ አገር አሳልፈው፣ በ1934 ዓ.ም. ነጻ ወደ ወጣችው አገራቸው ተመለሱ። የቀረ ዘመናቸውን በአገራቸው ኖረው መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ከ85 ዓመት በላይ በሆነ ዕድሜአቸው ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ ስለ እርሳቸው ከታወቀው ነገር ብዙው የሚገኘው ከዚህ ማስታወሻ ነው። በየማታው የዕለቱን ሥራ የሚጽፍ ሰው፣ በየማታው ራሱን የሚመረምር ሰው ነው።

የታላቅ ሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማር ብቻ እንዳይቀባ ያስፈልጋል። ሐኪም ወርቅነህ ያሰቡት ሁሉ አልተፈጸመላቸውም። የጨርጨር አስተዳደር ወደ አገሩ ሁሉ ሳይስፋፋ ጦርነት ደረሰ። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሐበሻ፣ በአንዳንድ ያገራቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ እንግሊዝ ተብለው በሁለት በኩል ይጠረጠሩ ነበር። በሁለት ዓለም መካከል የቆመ ሰው ዕጣው ይህ ነው። ነገር ግን ከዚህም የምንማረው አለ። እምነቱን በሥራው የሚያሳይ ሰው ሁሉ ወዲያው ይወደዳል ማለት አይደለም። በሰዓቱ የሚመጣ ሠራተኛ ዘግይቶ የሚመጣውን ያሳፍረዋል፤ ጉቦ የማይቀበል ጸሓፊ የሚቀበለውን ያስቈጣዋል። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ጠላት ያፈራል፤ ቢታገሥ ግን ኋላ ተከታይ ያገኛል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው የተባለው ለዚህ ይሆናል።

አንድ ሰው በሥራ ቦታው ሌላ ልማድ ቢያገኝ ሦስት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ዝም ብሎ የቤቱን ልማድ መያዝ ነው፤ ይህ ቀላል ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሰውየው ራሱን ያጣዋል። ሁለተኛው ከጧት እስከ ማታ ባልደረቦቹን መገሠጽና መንቀፍ ነው፤ ይህ ሰውን ያሸሻል እንጂ አያቀርብም። ሦስተኛው የሐኪም ወርቅነህ መንገድ ነው፤ ራስ አስቀድሞ ሠርቶ ማሳየት፣ ጓደኛን ከሥራው ማካፈል፣ ሌላውም ቅን የሚሆንበትን መንገድ ማበጀት፤ ከዚህም ጋራ ከባልደረባ የሚማሩትን ለመማር አለማፈር። አማርኛን ያስተማሯቸው ባልደረቦቻቸው ለሐኪሙ የሰጡት፣ ሐኪሙ ለእነርሱ ከሰጡት አያንስም። እምነትን መጋራት ማለት መስጠት ብቻ አይደለም፤ መቀበልም ነው።

በሰፈራችን ዙሪያ ስንመለከት ይህ ነገር ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ እናያለን። ወላጆቻችን በጎፋና በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ በልዩ ልዩ ሥራ ያድራሉ። ከእነርሱ መካከል ሚዛኑን የማያጓድል ነጋዴ፣ ባለ ጉዳይን ነገ ተመለስ የማይል ጸሓፊ፣ የረሳችሁት ዕቃ አለ ብሎ ተሳፋሪውን የሚጠራ ሹፌር አለ። ስማቸው በመጽሐፍ አይጻፍም። ነገር ግን አጠገባቸው የሚሠራው ሰው ያያቸዋል፤ እኛም ልጆቻቸው እናያቸዋለን። መምህሮቻችንም ደወል ሳይደወል በክፍል ደጃፍ ሲቆሙ ያሳዩን ትምህርት፣ በሰሌዳ ላይ ከጻፉልን የማያንስ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ ለእነርሱ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስሙ ተለውጦ እንጦጦ ተብሏል፤ ግቢው ግን እስከ ዛሬ የትምህርት ቦታ ነው። ሰው ያልፋል፣ ስምም ይለወጣል፤ በሥራ የተላለፈ ጠባይ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ይኖራል። እኛም ከዚህ ግቢ ስንወጣ፣ ከሐኪም ወርቅነህ ያገኘነውን ምሳሌ በየምንሠራበት ቦታ ይዘን ለመገኘት እንመኛለን። ከእኛ በኋላ በእነዚህ ክፍሎች ለምትቀመጡት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ይህንኑ አደራ እንላለን። ትምህርት ቤታችንን፣ መምህሮቻችንንና ወላጆቻችንን እግዚአብሔር ይጠብቅልን።